20 ኢንች ባር የሚሸከመው የትኛው ሞተር ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሞተር መጋዝ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ከሚፈርሱ ግቢዎች ዛፍ እየቆረጥን የምናነሳ 3 ሰዎች ነን። መጋዛችን ላዩ ላይ 58 ሲሲ ይላል፤ ሰንሰለቱ ከሚዞርበት 20 ኢንች ባሩ ጋር ነው የገዛነው። ቀጫጭኑን ያለ ችግር ይጥለዋል። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ውስጥ ሲገባ ግን ሞተሩ እያጓራ ሰንሰለቱ ይቆማል፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ሻጩ «ግንዱ ስለበለጠው ነው፣ 24 ኢንች ባር ግጠሙለት» አለን። እንግዛ ወይ?

መልስ፦ አትግዙ። ባሩ አጥሮ ሳይሆን ሞተሩ የያዘውን መጎተት አቅቶት ነው። 24 ኢንች ብትገጥሙለት የሚብሰው እሱ ነው።

ነገሩን ከሰንሰለቱ ጥርስ ብንጀምር ይቀላል። በእናንተ ዓይነት መጋዝ ላይ የሚታሰረው ሰንሰለት ብዙውን ጊዜ ፒቹ፣ ማለትም የሪቬቶቹ አማካይ ርቀት፣ 0.325 ኢንች ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሰንሰለት ላይ ቆራጭ ጥርስ በየ3.3 ሴንቲ ሜትሩ ይመጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ሲቆረጥ 9 ጥርስ ያህል በአንድ ጊዜ እንጨት ይነክሳል፤ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ 15 ይሆናል፤ 24 ኢንቹ ባር እስከ ጫፉ ቢቀበር ደግሞ 18። ሞተሩ ያው ሞተር ነው። እያንዳንዱ ጥርስ የሚደርሰው ጉልበት ሲያንስ ዙሩ ይወርዳል፤ ዙሩ ሲወርድ የሞተሩን ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን መንሸራተት ይጀምራል።

የሸተታችሁ እሱ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ሰንሰለቱ ሲቆም የፍሪሲዮኑ ጫማዎች ከበሮውን ከውስጥ እየፈተጉ ያግሉታል። ከበሮው ሰማያዊ ሆኖ ካገኛችሁት ብዙ ጊዜ ግሏል ማለት ነው። ሙቀቱ ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን ስፕሪንጎች ያላላል፤ ያን ጊዜ መጋዙ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ እየሠራ እንኳ ሰንሰለቱ መዞር ይጀምራል፤ ይህ እግር የሚያስቆርጥ ብልሽት ነው። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ጥርስ ፕላስቲክ በሆነባቸው መጋዞች ላይ ደግሞ ጥርሱ ይቀልጥና ባሩ ዘይት ያጣል፤ ደረቅ ባር ጠርዙ ተበልቶ ሰንሰለቱ ወደ ጎን ይዋልላል። ስለዚህ ሰንሰለቱ እንደቆመ ወዲያው ነዳጅ መስጫውን ልቀቁ፣ ባሩን ትንሽ አውጡና እንደገና አስገቡ። «ይለፈው» ብሎ መጫን መጋዙን ይገድለዋል። በነገራችን ላይ፣ የሰንሰለት ፍሬኑ ሳይለቀቅ ነዳጅ ከተሰጠም ይኸው ሽታ ይመጣል፤ የእጅ መከላከያው ወደ ኋላ መመለሱን በቅድሚያ እዩ።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። መጋዛችሁ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሁለት ነገር መቀነስ አለባችሁ።

አንደኛው ቁጥሩ ራሱ ነው። ላዩ ላይ ያለው 58 የሞዴል ስም እንጂ ልኬት ላይሆን ይችላል። እውነተኛውን ሲሲ፣ ማለትም የሲሊንደሩን ይዞታ፣ ለማወቅ የፒስተኑን ስፋትና ምልልሱን (ከታች እስከ ላይ የሚሄደውን ርቀት) ለኩ፦ ስፋቱ በስፋቱ ተባዝቶ፣ በምልልሱ ተባዝቶ፣ በ0.785 ይባዛል። ልኩ በሴንቲ ሜትር ይሁን። ለምሳሌ ፒስተኑ 4.5፣ ምልልሱ 3.2 ከሆነ 50.9 ሲሲ ይወጣል። ፒስተን ለመቀየር ሲሊንደሩ በተፈታ ጊዜ ለክቶ መጻፍ ነው፤ ለልኬት ብቻ ግን አትፍቱት።

ሁለተኛው ቅናሽ ግን ማንም የማይነግራችሁና ትልቁ ነው፦ ከፍታ። አዲስ አበባ መሐል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,400 ሜትር ላይ ናችሁ። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቤንዚን ሞተር በአንድ ምልልስ የሚስበው አየር መጠኑ ቢመሳሰልም ስስ ነው፤ በስስ አየር የሚነደውም ነዳጅ ያንሳል። ስለዚህ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር በደንብ ተስተካክሎ እንኳ ከአምስት አንድ እጅ እስከ ከአራት አንድ እጅ የሚሆነው ጉልበት ይጎድላል። ካርቶኑ ላይ 2.2 ኪሎዋት ያለው መጋዝ ፒያሳ ላይ የሚሰጣችሁ 1.7 ኪሎዋት ያህል ነው። ለማነጻጸር፣ ስቲል ኤምኤስ 211 የሚባለው 35 ሲሲ መጋዝ በፋብሪካ ልኩ 1.7 ኪሎዋት ነው፤ የሚታሰርለትም 14 ወይም 16 ኢንች ባር ነው። የእናንተም ካርቶን 2.2 የሚል ከሆነ 20 ኢንች አስራችሁ የምትሠሩት በዚያ ጉልበት ነው።

ስለዚህ ለዚህ መጋዝ ትክክለኛው 16 ኢንች፣ ቢበዛ 18 ነው። 20 ኢንቹን አትጣሉት፤ ቅርንጫፍ ለመመልመልና ለቀጭን ግንድ ይሠራል። ምክንያቱም ሞተሩን የሚከብደው እንጨት ውስጥ የተቀበረው ክፍል እንጂ ውጭ የቀረው አይደለም። ችግሩ፣ ረጅም ባር ካለ ሰው እስከ ጫፉ መቅበሩ አይቀርም።

ወፍራሙን ግንድ በ16 ኢንች እንዴት ትቆርጡታላችሁ? ከሁለት ወገን። መጀመሪያ ውፍረቱን እወቁ፦ በሜትር ዙሪያውን ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉ፤ ዙሪያው 173 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግንዱ 55 ነው። መሬት ላይ የተጋደመውን በአንዱ ጎን ከግማሽ አሳልፋችሁ ቁረጡ፤ ከላይ በኖራ ወይም በከሰል መስመር አስምራችሁ ከሌላው ጎን ግጠሙት። ክብደቱ ባሩን እንዳይነክስባችሁ ከተከፈተው በኩል የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሽብልቅ ምቱ፤ የብረት ሽብልቅ ሰንሰለት ይጨርሳል። የቆመ ዛፍ ከሆነ ወደሚወድቅበት በኩል ከውፍረቱ ሩብ ያህል አፍ ይከፈትለታል፤ ከኋላ የሚመጣው ቁርጥ ከአፉ ጋር ሳይገናኝ ከውፍረቱ አንድ አስረኛ የሚሆን ማጠፊያ ይቀራል፤ ለ55 ሴንቲ ሜትር ግንድ 5.5 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ማጠፊያው ከተቆረጠ ዛፉ በፈለገው ወገን ይሄዳል፤ ፒያሳ ባለው ጥግግት ደግሞ የፈለገው ወገን የሰው ጣሪያ ወይም የመብራት ሽቦ ነው። ገመድ ሳይታሰርና አካባቢው ሳይጸዳ እንዲህ ያለ ዛፍ አይነካም።

ባር ከመግዛታችሁ በፊት የሰጋቱራውን መልክ ተመልከቱ። ፍርፋሪ ሆኖ ከወጣ ሰንሰለቱ ስለት አለው፤ እንደ ዱቄት ከደቀቀ ደንዝዟል። የደነዘዘ ሰንሰለት በ16 ኢንችም ሞተር ያስጨንቃል። ለ0.325 ሰንሰለት ክብ ሞረዱ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ30 ዲግሪ ወደ ውጭ ብቻ እየገፋችሁ ለሁሉም ጥርስ እኩል 3 ወይም 4 ጊዜ ሞርዱ። ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ ከስለቱ 0.65 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ አድርጉ። «ይበልጥ ይንከስ» ብሎ ጉብታዋን አብዝቶ መሞረድ በዚህ ከፍታ ትልቅ ስህተት ነው፤ ጥርሱ ከሞተሩ አቅም በላይ ይነክስና ሰንሰለቱ እንደገና ይቆማል።

ጥያቄ፦ ለየሞተሩ የሚስማማውን የባር ርዝመት ባጭሩ ብትነግሩን። ከካዛንቺስ።

መልስ፦ ከታች ያለው ለአዲስ አበባ ከፍታና ለባሕር ዛፍ ዓይነት ጠንካራ እንጨት የተቀነሰ ነው፤ የፋብሪካው መመሪያ ላይ ከምታዩት በአንድ ደረጃ ያንሳል።

ከ30 እስከ 38 ሲሲ፦ 12 ኢንች፣ ስለቱ ጥሩ ከሆነ 14።
ከ40 እስከ 46 ሲሲ፦ 14 ወይም 16። ስቲል ኤምኤስ 250 እዚህ ይገባል፤ 45.4 ሲሲ፣ 2.3 ኪሎዋት ነው።
ከ50 እስከ 58 ሲሲ፦ 16፣ ቢበዛ 18።
ከ60 እስከ 66 ሲሲ፦ 18፤ ለጥድና ለዝግባ 20።
72 ሲሲ አካባቢ፦ 20። ስቲል ኤምኤስ 381 በ3.9 ኪሎዋቱ በፋብሪካ እስከ 25 ኢንች ይፈቀድለታል፤ እዚህ ግን 3 ኪሎዋት ያህል ስለሚቀረው 25ቱን ለለስላሳ እንጨት ብቻ ያስቀምጡት።
ከ90 ሲሲ በላይ፦ ከ24 እስከ 30።

ወይራ የሚቆርጥ ሰው ከዚህም አንድ ደረጃ ቢቀንስ ይሻለዋል። የደረቀ ባሕር ዛፍም ከእርጥቡ በጣም ይጠነክራል፤ ዛሬ በእርጥቡ የተስማማዎት ባር ከዓመት በኋላ በዚያው ግንድ ላይ ሊረዝምብዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ መርካቶ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ደንበኛ «18 ኢንች ሰንሰለት ስጠኝ» ብሎ ይወስድና አልገጠመም ብሎ ይመልሳል። ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ ኢንች ብቻውን ሰንሰለት አይመርጥም። ሦስት ቁጥር ያስፈልግዎታል፦ ፒቹ፣ በቦይ ውስጥ የሚሄደው እግር ውፍረት፣ የእግሮቹ ብዛት። አሮጌውን ሰንሰለት ይዞ እንዲመጣ ቢነግሩት ሁሉም ያልቃል።

ፒቹን ለማወቅ ተከታታይ 3 ሪቬቶችን ይያዙ፤ ከመጀመሪያው መሐል እስከ ሦስተኛው መሐል በካሊፐር ለክተው ለ2 ያካፍሉ። 16.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግማሹ 8.25 ነው፤ ይህ 0.325 ነው። 19 ከሆነ ግማሹ 9.5፣ ማለትም ሦስት ስምንተኛ ኢንች። 20.5 ከሆነ 0.404፣ የትልልቆቹ ሰንሰለት። የእግሩ ውፍረት ከ4 አንዱ ነው፦ 1.1፣ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር። 1.3ቱን በ1.5 ቦይ ላይ ካሰሩት ሰንሰለቱ እየተንጋደደ ጠማማ ይቆርጣል፤ 1.5ቱ በ1.3 ቦይ ጭራሽ አይገባም። እግሮቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። በ52 እና በ58 ሲሲ መጋዞች ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 20 ኢንች ባር ፒቹ 0.325፣ ውፍረቱ 1.5፣ እግሩ 76 ነው፤ ወደ 18 ኢንች ሲወርድ 72 ይሆናል። 16 ኢንች ላይ ግን እንደ ባሩ ሥሪት ስለሚለያይ ሳይቆጥሩ አይሽጡ።

ባር ሲሸጡ ደግሞ ርዝመቱን ትተው ጭራውን ይመልከቱ። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት በአንዳንዱ 8፣ በሌላው 9፣ በትልልቆቹ የስቲል መጋዞች 12 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኑ ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም፤ የዘይቷ ቀዳዳ ከሞተሩ የዘይት መውጫ ፊት ለፊት ካልሆነች ባሩ በአንድ ቀን ይቃጠላል። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ፒኞን ፒችም ከሰንሰለቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ፒኞኑ ላይ ጥልቅ የተበላ ቦይ ከታየ አዲስ ሰንሰለት ብቻ አይሽጡለት፤ የተበላው ፒኞን አዲሱን ሰንሰለት ቶሎ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ መጋዛችንን አዲስ አበባ አስተካክለን ለሥራ ወደ ጋምቤላ ወሰድነው። ለሁለት ቀን እንደ ጥይት ሠርቶ በሦስተኛው ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ። 18 ኢንች ባር ነው፣ 52 ሲሲ። ባሩ ረዝሞበት ነው? ከአራት ኪሎ።

መልስ፦ ከባሩ ይልቅ ጥፋቱ የካርቡራተሩ ይመስላል። አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፤ መካኒኩም ልክ አድርጎ ኤች የሚለውን ብሎን ዘግቶ ቤንዚኑን ቀንሶላችኋል። ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ በአዲስ አበባ ልክ የተቀነሰው ቤንዚን ለዚያ አየር አይበቃም። ሁለት ቀን እንደ ጥይት የሠራው ለዚህ ነው፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዙሩ ይጨምራል፣ ድምፁም ይጠራል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ግን ቤንዚን ሲያንስ ቅባትም ያንሳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ መጨረሻው የተጫረ ፒስተን ነው። ሲፈታ በጭስ መውጫው በኩል ያለው የፒስተኑ ጎን የተቧጨረ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ለመሆኑ ምልክት ነው።

ደንቡ አጭር ነው፦ ስትወርዱ ክፈቱ፣ ስትወጡ ዝጉ። ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ ወርዳችሁ ከመሥራታችሁ በፊት የኤችን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ወደ ግራ ሩብ ዙር ክፈቱና ከዚያ በድምፅ አስተካክሉ። ሞተሩ ይሙቅ፣ የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ይሁን፣ ሰንሰለቱ የተሳለ ይሁን። ከእንጨት ውጭ ለ3 ሰከንድ ያህል ሙሉ ነዳጅ ስጡት። ትንሽ ተንተፍ ተንተፍ የሚል ሻካራ ድምፅ መስማት አለባችሁ፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ያ ድምፅ መጥራት አለበት። ከእንጨት ውጭም ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ክፈቱ። እንጨት ውስጥም እየተንተፈተፈ ከጨሰ በዝቶበታል፣ በአንድ ስምንተኛ ዙር እየዘጋችሁ ሞክሩ። ኤል የሚለው ለሚኒሞና ለመነሻ ነው፤ ከኤች በፊት እሱ ይስተካከል። በብሎኖቹ ላይ ክዳን ያለባቸው መጋዞች ትንሽ ብቻ ይዞራሉ፤ የስቲል ኤም-ትሮኒክና የሁስክቫርና አውቶቱን ያላቸው ደግሞ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ የሚነካ የላቸውም።

ድብልቁንም አረጋግጡ። በ1 ለ50፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው፤ በ1 ለ25፣ 200 ሚሊ ሊትር። መመሪያው የሚለውን ተከተሉ። የመኪና ሞተር ዘይት የዚህ ተተኪ አይደለም።

ቆላ ላይ ሞተሩ የጎደለውን ጉልበት መልሶ ስለሚያገኝ 18 ኢንቹ እዚያ ይስማማዋል። አዲስ አበባ ሲመለስ ወደ 16 አውርዱት።

ጥያቄ፦ አጭር ባር በትልቅ ሞተር ላይ ማሰር ሞተሩን ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም። ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ በየደቂቃው እያንዳንዱ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደነዝዛል። የዘይት ፓምፑን ብሎን ትንሽ ቀነስ ያድርጉት፤ አለዚያ ዘይቱ ይባክናል። ከዚያ ውጭ አጭር ባር ቀላል ነው፣ ጫፉ የት እንዳለ ይታያል፣ የጫፉ የላይኛው ጥግ ሌላ ግንድ ነክቶ ባሩ ወደ ቆራጩ ሰው የመወርወሩም ዕድል ያንሳል።

ጥያቄ፦ ከሽሮ ሜዳ በላይ ግንድ በቁመቱ ሰንጥቀን ጣውላ እናወጣለን። 72 ሲሲ በ25 ኢንች ነው፤ በጣም ይሞቃል።

መልስ፦ በቁመት መሰንጠቅ ለሞተር መጋዝ ከባዱ ሥራ ነው። ባሩ ሙሉውን ተቀብሮ ለደቂቃዎች ያለ ዕረፍት ይጎተታል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ከፋብሪካው ጉልበት ከሩብ በላይ ጎድሏል። 20 ኢንች አድርጉት፤ 25 የግድ ከሆነ ከ90 ሲሲ በላይ ፈልጉ። ሰንሰለቱን በ30 ዲግሪ ሳይሆን በ10 ዲግሪ ሞርዱት፤ ጣውላው ይለሰልሳል፣ ሰንሰለቱም በአግባቡ ይጓዛል። ጥርሱ የሳሳ፣ በየመሐሉ አንድ ጥርስ የተዘለለበት ሰንሰለት ካገኛችሁ በረጅም ባር ላይ ሞተሩን በእጅጉ ያሳርፈዋል። አንድ ርዝመት ሰንጥቃችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አታጥፉት፤ ግማሽ ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራና ሙቀቱን ያውጣ።

ዘይቱ እየደረሰ መሆኑን ለማየት የባሩን ጫፍ ከንጹሕ ካርቶን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ነዳጅ ስጡ፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቀጭን የዘይት መስመር መታየት አለበት። ካልታየ የባሩን ቀዳዳና ቦይ በሽቦ ጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ባሩንና ፓምፑን ይፈጫል፤ የሚረጨውም ፊታችሁና ሳንባችሁ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ 2,000 ዋት መጋዝ አየሁ። ይህም በከፍታው ይደክማል?

መልስ፦ አይደክምም። የኤሌክትሪክ ሞተር ነዳጅ ስለማያቃጥል ስስ አየር ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ማቀዝቀዣው ብቻ ጥቂት ይደክማል። 2 ኪሎዋት የተባለው እዚህም ወደ 2 ኪሎዋት ይጠጋል፤ 14 ወይም 16 ኢንች ባር በደንብ ይጎትታል። ለቤት ውስጥ ሥራ ጭስም የለውም፤ ለእርስዎ ከቤንዚኑ ይሻላል እንላለን። የሚያደክመው የመብራቱ መውረድና ቀጭን ማራዘሚያ ነው። 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ ለ30 ሜትር ማራዘሚያ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይግዙ፤ ተጠቅልሎ ሳይሆን ሙሉውን ተዘርግቶ ይሥራ፤ የተጠቀለለ ገመድ ግሎ ይቀልጣል። ዝናብ ባለበት ወይም በረጠበ እንጨት ላይ አይጠቀሙበት። ሰንሰለቱ ሲቆም ማብሪያውን ወዲያው ይልቀቁ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ቆሞ ኃይል ከተሰጠው ጥቅሉ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል።